ፉከራውን ወሰድን፣ ሙሾውን ተውን

በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ፎቷቸው ወይ ሥዕላቸው በብዛት የተሰቀለላቸውን ሰዎች እንቁጠር ብንል ብዙ አይቸግርም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ አንደኛ ነው፤ ይሄ አያከራክርም። አጼ ቴዎድሮስ ከነሹሩባቸው፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከነጎፈሬያቸው ይከተላሉ። የእንግሊዝ ክለብ ኳስ ተጫዋቾች እንደየዘመኑ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከእነዚህ ሁሉ መሀል ግን ማንም ሳይጠራው የመጣ፣ ማንም ሳያባርረው የኖረ አንድ መላጣ ጎረምሳ አለ። ሻሹን ግንባሩ ላይ ቋጥሮ ከጸጉር ቤት ግድግዳ፣ ከባጃጅ የኋላ መስታወት፣ ከአይሱዙ ጭቃ መከላከያ ላይ ያፈጥብናል። ቱፓክ ሻኩር።

ቢቸናም አለ፣ ሞጣም አለ። ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ የተጓዛችሁ ሁሉ አይታችሁታል። ሰውየው ከሞተ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ሥዕሉን የሰቀለው ልጅ ያኔ አልተወለደም። ብዙዎቹ አንድ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሰምተው አያውቁም፤ የሰሙትም ቃሉን አይለዩትም። ታዲያ ምን ሊሠራ እዚህ ቆየ?

እኔ በበኩሌ መልሱ ያለው አንድ አልበም ውስጥ ነው ባይ ነኝ። «ኦል አይዝ ኦን ሚ» ይባላል፤ «ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው» እንደማለት። እናም ከዚያ አልበም ምኑን እንደወሰድንና ምኑን እንደተውን ዛሬ በግልጽ ብንነጋገር ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የተውነው ነገር በዚህ ሰሞን በጣም የሚያስፈልገን ነገር ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት። አልበሙ የወጣው የካቲት 5 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1996። ቱፓክ ከጥቂት ወራት በፊት ኒውዮርክ ውስጥ እስረኛ ነበር። የታሰረውም በፖለቲካ አይደለም፤ በሴት ላይ በተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶበት ነው። (ይህን የማነሳው ሥዕሉን ከጊዮርጊስ አጠገብ ለሚሰቅሉ ወዳጆቼ እንዲታወቅ ብዬ ነው። አልበሙም ለሴት ልጅ ክብር የሌላቸው ዘፈኖች ሞልተውበታል፤ ማድበስበስ አያስፈልግም።) ይግባኙ እስኪታይ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ተይዞለት ጥቅምት ላይ ወጣ። ዋስትናውን ያመቻቸለት «ዴዝ ሮው» የተባለው የሙዚቃ ድርጅት አለቃ ነው፤ ብድሩ የሚከፈለው ደግሞ በዘፈን። ልጁ ከእስር ቤት በቀጥታ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ገባ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ለድርብ አልበም የሚበቃ፣ 27 ዘፈን የሚሞላ ሥራ ቀዳ። ሰው እንዲህ የሚሠራው ጊዜ እንደሌለው ሲያውቅ ነው።

ጊዜም አልነበረው። ጳጉሜ 2 ቀን 1988 ላስ ቬጋስ ላይ ተተኮሰበት። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እሱ ሆስፒታል ውስጥ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ነበር። መስከረም 3 ቀን 1989 ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። አልበሙ ሰባት ወሩ። ያ አልበም በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአልማዝ ደረጃ አግኝቷል፤ ቱፓክም በ2017 እ.ኤ.አ. የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገብቷል። ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው። የእኛ ጉዳይ ቢቸና ነው።

ወደ እኛ የመጣው በካሴት ነው፤ ከመርካቶ ተባዝቶ፣ ሽፋኑ ደብዝዞ። ቀጥሎ በቪሲዲ መጣ፤ ምስሉ የገባው ያኔ ነው። ቀጥሎ የሚሞሪ ካርድ ዘመን ሆነ፤ «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሞባይል ቤት ትገባላችሁ፣ ጥቂት ብር ትከፍላላችሁ፣ ልጁ ካለው ሁሉ ይገለብጥላችኋል። አንድ ጊዜ ሞጣ ላይ «ቱፓክ» የሚል ፎልደር አስጭኜ ስከፍተው ግማሹ የሌሎች ራፐሮች ዘፈን ሆኖ አገኘሁት። ሻጩን ስጠይቀው «ያው ናቸው» አለኝ። «ያው ናቸው» የምትለዋ መልስ ብዙ ትናገራለች። ቱፓክ ለእኛ የአንድ ሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ነገር ዓይነት ስም ሆኗል ማለት ነው፤ እንደ ሃይላንድ ውኃ፣ እንደ ኦሞ።

እዚያው ሞጣ አንድ ጸጉር ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ሥዕሉ ከመስታወቱ በላይ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል።

«ይሄን ለምን ሰቀልከው?» አልኩት።

«ቱፓክ ነዋ ጋሼ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ዘፈኑን ትወደዋለህ?»

መላጫውን ያዝ አድርጎ አሰበ። «ዘፈኑን እንኳ አላውቀው። ግን እየው እስቲ፤ አይፈራም።»

አይፈራም! እንግዲህ የሞጣው ልጅ በሁለት ቃል የጨረሰውን ነው እኛ ጸሐፊ ነን ባዮች በገጽ የምናንዛዛው። ከ27ቱ ዘፈን ተጣርቶ ተጣርቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ቋንቋው ረግፎ፣ ዜማው ረግፎ ጎጃም የደረሰው ያ አተያይ ነው። አለመፍራት።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ሁለቱም ያናድዱኛል። 

የመጀመሪያው ወገን «የባህል ወረራ» የሚለው ነው። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባ ላይ ይገኛል። ሱሪው ዝቅ ያለ ልጅ ባየ ቁጥር ሀገር የጠፋች ይመስለዋል። ለዚህ ወገን ብዙ ቃል አላባክንም፤ አንድ ሰው ብቻ ልጥራለት። ጌታቸው መኩሪያ። እሱ ሳክስፎን የሚባል የፈረንጅ ቱቦ አንስቶ ሽለላና ፉከራን የነፋበት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ቱቦው የፈረንጅ ነው፤ ከቱቦው የወጣው ግን የጦር ሜዳ ድምፅ ነበር። በስተርጅናውም፣ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ «ዘ ኤክስ» ከሚባሉ የኔዘርላንድ ሮከሮች ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም አወጣ። መሣሪያ ከየትም ይመጣል። ዋናው ነፊው ምን ይዟል ነው።

ሁለተኛው ወገን ይበልጥ የሚያናድደኝ ዘመዴ ስለሆነ ነው። «ራፕማ ከእኛ የሄደ ነው! ቅኔያችን አይደል እንዴ!» ይላል። አጨብጭቡለት ይላል። ቢቸና የተወለደ ሰው ይህን ለማለት በእርግጥ ይፈተናል፤ ምክንያቱም ዲማ ጊዮርጊስ ቅርቡ ነው፤ ደብረ ወርቅም ሩቅ አይደለም። ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ እየተዘዋወሩ ተምረዋል። ጎንጅና ዋሸራ የቅኔ ቤት ስም ሆነው የቀሩትም ጎጃም ውስጥ ነው። አገሩ ሁሉ የቃል አገር ነው።

ተመሳሳይነቱም ባዶ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ ለምኖ ሲያበቃ ማታ ዛፍ ሥር ወይም ጎጆው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ይሰብረዋል፣ ያቃናዋል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የሰው ቅኔ ሰርቆ እንደራሱ ያቀረበ ሰው ጉዱ ይፈላል። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መድገምም ነውር ነው። ኒውዮርክ ብሮንክስ ጎዳና ላይ ክብ ሠርተው በየተራ የሚገጥሙት ልጆችም ሕጋቸው ይሄው ነው፤ የሰው ግጥም መንከስ አይፈቀድም፣ የትናንቱን ማምጣት አይፈቀድም፣ ሰው ፊት ትፈተናለህ።

ግን በቃ። እዚህ ላይ ያበቃል። ቅኔ በግዕዝ ነው፤ ቅኔ በልክ የተሰፋ ነው፤ ቅኔ በቤተ መቅደስ ለባለቤቱ የሚቀርብ ነው። የራፕ ድንጋጤው ሌላ ነው። ማንም ያልሾመው፣ ማንም ያላስተማረው የሰፈር ልጅ ተነስቶ በራሱ ቋንቋ «እኔ» ይላል። ከቅኔ ቤት የሚያስወጣው ይሄ «እኔ» ነው። ስለዚህ ዘመዴ ሆይ፣ የራፕን የቅርብ ዘመድ ከፈለግህ ዲማ አትሂድ። ጠላ ቤት ሂድ፤ ሠርግ ቤት ሂድ። ፉከራ ነው።

ፉከራን አስቡት። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይሸልላል፤ ያነሳሳል፤ የአባትህን ስም ይጠራል። ደም የፈላበት ይነሳል። «ዘራፍ!» ይላል። ሦስት እርምጃ ወዲህ፣ ሦስት እርምጃ ወዲያ። ዱላውን ወይ ጠመንጃውን ያወናጭፋል። ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ። ፈሪውን ይሰድባል። ከበው የቆሙት «በለው!» ይሉለታል፤ ያዙኝ ልቀቁኝ ሲል ይይዙታል። ራፐሩ መድረክ ላይ የሚያደርገውን አንድ በአንድ እዩት፤ ከጀርባው ሆኖ የቃሉን መጨረሻ የሚያቀብለው ጓደኛ እንኳ አልቀረም።

ስሙን ደግሞ ተመልከቱ። አርበኛ በአባቱ ስም አይፎክርም፤ በፈረሱ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የቢቸናው በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። የፈረስ ስም ማለት ሰው ለራሱ የሚያወጣው፣ ወይም ጀብዱው የሚያወጣለት ሁለተኛ ልደት ነው። ቱፓክም እስር ቤት ሆኖ ማኪያቬሊን አነበበና «ማካቬሊ» ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያ ስሙ ራሱ የዐመጸኛ ስም ነው፤ እናቱ አፌኒ ሻኩር የብላክ ፓንተር ታጋይ ነበረች፤ ልጇን የሰየመችው በ1781 እ.ኤ.አ. እስፓኞች በገደሉት በፔሩው ዐመጸኛ በቱፓክ አማሩ ነው። በላይ ዘለቀ ጣልያንን አምስት ዓመት ሲወጋ ኖሮ፣ ከነጻነት በኋላ የቢቸና ገዥ ሆኖ፣ ከመንግሥት ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የሞጣው ጸጉር አስተካካይ ሁለቱን አንድ ግድግዳ ላይ ቢሰቅል ታዲያ ምኑ ይገርማል? ታሪክ አላጠናም፤ ግን ዘመድ ለይቷል።

እስከዚህ ድረስ ከሆነ አልበሙ እኛ ጋ የመጣው ያለንን ሊያስታውሰን ነው ማለት ይቻላል። ፉከራ ነበረን፣ ፉከራ አመጣልን። ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ያ አልበም ሠላሳ ዓመት አይኖርም ነበር። ፎካሪ ራፐር ሞልቷል፤ በዚያው ዓመት ፎክረው በዚያው ዓመት የተረሱ ብዙ ናቸው።

«ኦል አይዝ ኦን ሚ» የኖረው ፎካሪው ስለሚያለቅስ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን «አምቢሽንዝ አዝ ኤ ራይደር» ይባላል፤ ንጹሕ ዘራፍ ነው። ከእስር ወጣሁ፣ አልፈራም፣ ኑ። «ካሊፎርኒያ ላቭ» የሠርግ ዘፈን ነው በሉት። መሀል ላይ ግን «ላይፍ ጎውዝ ኦን» አለ፤ የሞቱ ጓደኞቹን እየጠራ የሚቀመጥበት፣ የራሱን ቀብር ሳይቀር የሚያዝዝበት ዘፈን። «አይ ኤንት ማድ አት ቻ» አለ፤ ከሰፈር ልማድ ወጥቶ ሃይማኖቱን ለያዘ የልጅነት ጓደኛው፣ ሳይቀየምና ሳይንቅ የዘፈነው። ያው ድምፅ ነው። ያው አፍ ነው። አንዱ ትራክ ላይ የሚገድል፣ ሌላው ትራክ ላይ ሙሾ ያወርዳል። ሰሚው የሚያምነውም ለዚህ ነው፤ ያ ሁሉ ድንፋታ ፍርሃትና ሐዘን ያለበት ሰው ድንፋታ መሆኑ ይሰማዋላ። ከዓመት በፊት በወጣው «ሚ አጌንስት ዘ ወርልድ» አልበሙ ላይ ለእናቱ የዘፈነው «ዲር ማማ» በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቅጂ መዝገብ የገባውም በድንፋታው አይደለም። በሱሰኝነቷ እየተቆጣ የሚወዳት ልጅ ስለሆነ ነው።

እኛ ዘንድ ሥራው ተከፋፍሏል። ፉከራ የወንድ ነው። ሙሾ የሴት ነው። አልቃሿ ለቅሶ ቤት ትመጣለች፤ ሟቹን ታውቀዋለች ወይም ትጠይቃለች፤ ስሙን፣ መልኩን፣ እርሻውን፣ ያልሞላለትን ነገር ቤት እያስመታች ትደረድራለች። ጎጃም ውስጥ ካሉ ገጣሚዎች ሁሉ በጣም ጎበዞቹ እነሱ ናቸው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም፤ ስማቸውን ግን ማንም መጽሐፍ ላይ አላሰፈረውም። ወንዱ እዚያው ለቅሶ ላይ ምን ያደርጋል? ጀግና ከሞተ ይፎክራል። ጥይት ይተኩሳል። ሐዘኑ ራሱ ዘራፍ ሆኖ ነው የሚወጣው። በእርግጥ የቅኔው ሊቅ በቀብር ላይ መወድስ ይቀኛል፤ ሐዘኑም ጥልቅ ነው፤ ግን በግዕዝ ነው፣ የሟቹ ጓደኞች አይሰሙትም። በአማርኛ፣ በወንድ ልጅ አፍ፣ «ጓደኛዬ ሞተ፣ እኔም ፈርቻለሁ» የሚባልበት መልክ የለንም።

ስለዚህ ቱፓክ ሲመጣ ያለንን መልክ ይዘን ተቀበልነው። ሻሹን፣ አፍጣጩን ዓይን፣ «ተግ ላይፍ» የሚለውን ተለጣፊ። ሌላው ግማሹ የሚገባበት በር ስላልነበረው ጉምሩክ ላይ ቀረ።

የአማርኛውም ራፕ ብዙ ጊዜ እዚያው ጉምሩክ ላይ ነው። ልጆቹን አላቃልልም፤ ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን» ብሎ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር ሲያጋባ ትልቅ በር ከፍቷል፤ ልጅ ሚካኤልና ካስማሰ አማርኛው ራሱ መሪ እንዲሆን ደክመዋል። ግን በየሰፈሩ የሚሠራውን ስሙት። እኔ ነኝ ያልኩ፣ ማን ይደርስብኛል፣ ጠላቶቼ አያችሁኝ ወይ። አልቋል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር አለ፤ ትንሽ ላስተምር መሰል ነው፣ ታገሡኝ። በእንግሊዝኛ ቤት መምታት ሥራ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት በነጻ ይመታል፤ «በላሁ፣ ጠጣሁ፣ መጣሁ፣ ወጣሁ» እያልክ እስከ ነገ መሄድ ትችላለህ። የእንግሊዝኛውን ራፕ ሰምቶ «ቁም ነገሩ ቤት መምታቱ ነው» ያለ ልጅ አማርኛ ላይ ሲመጣ የግስ ዝርዝር ይዞ ይቀራል። አማርኛ ላይ ቁም ነገሩ ኅብሩ ነው። ገና ስንል ገና ነው ወይስ የልደት በዓል? አለ ስንል ተናገረ ነው ወይስ ይኖራል? ዋና ስንል የውኃ ነው ወይስ አለቃ? ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ አፍ ነው የሚያሳየው። ለራፐር ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ! አንዱን ቃል አንዴ አጥብቆ አንዴ አላልቶ ሁለት ነገር ይናገርበታል። ቻግኒ የተወለደችው የጎጃሟ እጅጋየሁ ሽባባው በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን አልበም «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ያለችው፣ ወርቅና ሰም ማለቷ፣ በከንቱ አይደለም፤ ከየት እንደመጣች ስለምታውቅ ነው። አልቃሾቹም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ዝም ብሎ በሚመስል ቃል ውስጥ የሟቹን ገዳይ ስም የሚቀብሩ ሴቶች አሉ።

ሌላ የሚቆጨኝ ነገር አነጋገሩ ነው። የጎጃም ልጅ ማይክ ሲይዝ የአዲስ አበባ ልጅ ይሆናል። ዘዬውን ኮሜዲ ላይ ሲሳቅበት ስላደገ ያፍራል። ቱፓክ ላይ ያፈጠጠው ልጅ ቱፓክ ለሰፈሩ አነጋገር ይቅርታ ጠይቆ እንደማያውቅ የነገረው የለም። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ራፐሮች የእኛን አሮጌ ሸክላ አያፍሩበትም። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. «አዝ ዊ ኤንተር»ን የሠሩት በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው፤ «ኦ ኖ» የተባለው የካሊፎርኒያ ልጅ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቆርጦ ቀጥሏል። እነሱ የእኛን ድምፅ ወሰዱ፤ እኛ የእነሱን ፎቶ። ንግዱ አዋጭቶናል?

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ውስጥ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ቢቸናም ሞጣም ከዚያ አልዳኑም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ያ ሞባይል ቤት ኢንተርኔት በሌለበት ወራት እንደገና በሚሞሪ መሥራት ሳይጀምር አልቀረም። ማን ልክ ነው ማን አይደለም የሚለውን እዚህ አልከፍትም፤ ሌላ ጸሐፊ፣ ሌላ ቀን። እኔን የሚያስጨንቀኝ በዚህ ጊዜ ከየስልኩ የሚሰማው ዘፈን ነው። በየወገኑ ፉከራ ነው። በማሲንቆ ፉከራ፣ በኪቦርድ ፉከራ፣ በራፕ ቢት ፉከራ። ከሥሩ ጠመንጃ የያዘ ልጅ ቪዲዮ። ፉከራው እውነተኛ ጥይት ያለበት ፉከራ ነው፤ የሠርግ አይደለም።

የሚሞቱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ዐሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ ሃያ ሁለት። በአንድም በሌላም የደንብ ልብስ፣ ያለ ደንብ ልብስም። እናቶቻቸው ቤት ውስጥ ሙሾ ይወርዳል፤ ለቅሶ መቀመጥ በተቻለበት። የሙዚቃው ዓለም ላይ ግን እነዚያ ልጆች በስም የሉም። «ጀግና» የሚል ጥቅል ስም ተሰጥቷቸው ለሚቀጥለው ዘራፍ ማገዶ ሆነዋል። አብሯቸው አንድ ወንበር ላይ የተማረ ጓደኛ «እገሌ ኳስ አይችልም ነበር፤ ግን በር ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር» ብሎ የዘፈነ እኔ አልሰማሁም። እንዲህ ያለ ዘፈን ለጦር አይጠቅምማ። ለፉከራ የሚመች ሙት ስም የሌለው ሙት ነው።

አንዳንዱ «ወንድ ልጅ በጦርነት ጊዜ አያለቅስም፣ ወኔ ይሰልባል» ይለኛል። ቱፓክን ሰቅሎ ይህን የሚል ሰው ሥዕሉን ያውርድ። ያ ሰው አልቅሷል፤ በሚሊዮን ሰው ፊት፣ ስም እየጠራ። እንዲያውም ልብ በሉ፤ ፉከራው ነው ያልጠቀመው። አልበሙ ውስጥ የተፎከረባቸው ሰዎችና የተፎከረላቸው ሰዎች ጠብ ከዘፈን አልፎ ነበር፤ በሰባት ወር ውስጥ እሱ በጥይት ተመትቶ መቃብር ገባ፤ በስድስት ወር ልዩነት ደግሞ ተቀናቃኙ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ.፣ በማርች 1997 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ። የ25 እና የ24 ዓመት ልጆች። ግማሽ አሜሪካ ሲያጨበጭብላቸው ነበር፤ «በለው!» ሲል። የፉከራ ክብ ችግሩ ይሄ ነው። ከበው የቆሙት ሥራቸው መያዝ ነበር፤ አንዳንዴ መያዙን ይረሱታል።

ሐዘኑ ግን ቀርቶልናል። ዛሬ በ2020ዎቹ እ.ኤ.አ. ያንን አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሰማ የሚያልፈኝ ድንፋታው ነው፤ የዘመኑ ሽታ አለበት፣ አንዳንዱም ያሳፍራል። «ላይፍ ጎውዝ ኦን» ሲመጣ ግን የምሠራውን አቆማለሁ።

ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ስቱዲዮ ያላችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በመኝታ ቤት ላፕቶፕ ላይ ቢት የምትሠሩትም አላችሁበት። ከቢቸና ወይ ከሞጣ የመጣ ልጅ አንድ ቀን በራችሁን ያንኳኳል። ዘዬውን አታርሙበት። ዘራፍ ብሎ ቢጀምርም አታቋርጡት፤ ይፎክር፣ ይውጣለት፣ ሁለት ሦስት ትራክ ይሙላ። ከዚያ ሻይ አቅርቡለትና በ2015 አብሮት ስምንተኛ ክፍል የነበረው ማን እንደነበር ጠይቁት። አሁን የት እንዳለም። ማይኩን ሳትዘጉ።